በባዶ ጥብጣብ የመጣው ትእዛዝ

ሽቦ ወደዚያች ከተማ በገባ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ዝናብ በጠፋ በስምንተኛው ወር፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ስንት ጊዜው እንደሆነ ደግሞ ሰው መቁጠር በሰለቸው ወራት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነፋሱ የሜዳውን አቧራ አፍሶ አመጣና የሽቦ ቤቱ መስኮት ላይ ደፋው፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ አንኳኳ፤ በረንዳው ላይ ወሬ የሚጠብቁትን እናቶች ሻሽ ገለበጠ፤ ከዚያ ቀጠሮ እንዳለው ሰው በቀጥታ ገብቶ አንድ ጎልማሳ ቴሌግራፈኛ ዓይን ውስጥ ቁጭ አለ።

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ የሚጠራበት ግን አልነበረም። ከሹሙ እስከ ዘበኛው ሁሉም «ምንጩ» ነበር የሚለው፤ ዓይኑ ክረምት ከበጋ ይፈልቃላ! ጠዋት ጠዋት ግን ጠብታም የለው። ሲነቃ ሽፋሽፍቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት ይመስል እየፋቀው፣ በጣቱ እየፈለቀቀ ነበር ቀኑን የሚጀምረው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ማቃጠል ይመጣል፤ አራት ሰዓት ላይ መቆጥቆጥ፤ ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ድርቀት ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ ውሃው ይለቀቅና በጉንጩ፣ በጢሙ፣ በአገጩ አድርጎ አንገትጌው ውስጥ ይገባል። ይሄ እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየው ሰው ሁሉ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለው ኖሯል፤ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያስረዳ ነበር፤ ቀጥሎ «አቧራ ነው» ይል ጀመር፤ አሁን ግን ደክሞት «እህ» ብቻ ይላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በጦርነቱ ጊዜ የወታደር ሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል ነው የምትውለው። ከተረፈው ጨርቅ ሰባት መሐረብ ሰፍታለት ነበር፤ ማታ ማታ ገመድ ላይ ሲሰጡ ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ሕፃን የተወለደበት ይመስለዋል። ታናሽ ወንድሟ ግንባር ነበር፤ በሽቦው ጫፍ ላይ ባለው ምሽግ ውስጥ። ባሏ ወደ ምሽጉ የሚሄደውን ቃል ሁሉ እንደሚያይ ታውቃለች፤ ያየውን ላይናገር መማሉንም ታውቃለች። ስለዚህ ማታ ሲገባ ፊቱን ትመረምራለች።

«የሌላዋ ባል ፊት ይነበባል» ትለዋለች፤ «ያንተ ግን ሁሌ ቀብር የዋለ ነው። ወንድሜ ሞቶም እንዲህ፣ ድኖም እንዲህ!»

«እህ» ይላል ምንጩ።

የሽቦ ቤት ሥራ በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር። መልእክቱ በሽቦ ሲመጣ የናሱ መኪና ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ እየተፋ፣ ቀለም የነካች ትንሽ ጎማ ነጥብና ሰረዝ ታትምበታለች፤ ቴሌግራፈኛው ጥብጣቡን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ ነጥቡን ወደ ፊደል፣ ፊደሉን ወደ ቃል እየመለሰ በወረቀት ይገለብጣል። ዐሥር ሰዓት ሙሉ በአንዲት ጣት የምትሰፋ ጥብጣብ ላይ ማፍጠጥ ነው። ጤነኛ ዓይን ያለው እንኳ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚስቱን ፊት ነጥብና ሰረዝ አድርጎ ነው የሚያየው፤ የምንጩን ደግሞ አስቡት።

ከዚያ ማክሰኞ ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ አንድ ጉድ ተፈጠረ። የምንጩ ጠረጴዛ ያን ጊዜ በፊት ለፊት አዳራሽ፣ ሕዝቡ በሚጠብቅበት መርበብ አጠገብ ነበር። ልጇ ግንባር የዘመተባት አንዲት እናት በመርበቡ ቀዳዳ ፊቱን እያየች ቆማለች፤ መኪናው ይንኳኳል፤ ምንጩ ጥብጣቡን ይጎትታል፤ እንባው ኮለል ኮለል ይላል። ሴትዮዋ አየችው፤ «ልጄን!» ብላ እዚያው ተዘረረች። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። በኋላ ሲታይ መልእክቱ «ለበቅሎዎቹ ሃምሳ ጆንያ ገለባ በአስቸኳይ ይላክ» የሚል ነበር። እንዲህ ሆኖ ምንጩ ለገለባ ሲያለቅስ የታየ የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኛ ለመሆን በቃ።

የሽቦ ቤቱ ሹም በወጣትነቱ ፈረሰኛ የነበረ፣ ከፈረስ ከወረደ በኋላ ደንብ መጽሐፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ጢሙ ከመጽሐፉ እኩል የተከበረ ነው። ምንጩን አስጠራው።

«የመንግሥት ምስጢር በጉንጭህ ላይ እየፈሰሰ ነው» አለው።

«ገለባ ነው ጌታዬ።»

«ዛሬ ገለባ ነው። ነገ ሌላ ነው። ሕዝብ ካንተ ፊት ላይ ጦርነት እያነበበ ነው፤ ገባህ? ከዛሬ ጀምሮ ጓዳ ነህ። አንድ ጊዜ ደግሞ በዚህ ዓይን ምክንያት ስምህ ከተነሣ ወንበሩን ለሌላ ትለቃለህ።»

ወንበሩን። ምንጩ ከዚያ ወንበር ሌላ ዓለም አልነበረውም። ሽቦው ከተማዋ በገባ ቀን ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች የቀረው እሱ ነው፤ እጁ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ዓይኑ ደግሞ ለሌላ ሥራ አይታጭም። ስለዚህ ዕቃውን ሰብስቦ ጓዳ ገባ። ጓዳው የባትሪዎቹ ማሰሮ የተደረደረበት፣ የአሲድ ሽታ የሚሰነፍጥበት፣ በአንድ ጥግ ምድጃ የሚጨስበት ክፍል ነበር፤ ዓይኑን ለመግደል ታስቦ ቢሠራ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ባልተገኘ!

በዚያ ሰሞን ቁስለኞችን ለማየት አንድ የጦር ሐኪም ከተማዋ ገብቶ ነበር። ሚስቱ ለሐኪሙ ሸሚዝ ሰፍታ ስለነበር በዚያው ባሏን ጎትታ ወሰደችው። ሐኪሙ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነው፤ ወንበር ላይ አስቀምጦ በማጉያ መስታወት ዓይኑን አየው፤ ብዙም አልቆየ።

«ዓይንህ ደረቅ ነው» አለው።

ምንጩ ተቀየመ። «ምን አደረግሁ ጌታዬ? ዓይነ ደረቅ ተብዬ አላውቅም፤ ሰው አክባሪ ነኝ።»

«አንተን አይደለም፤ ዓይንህን ነው። ድርቀት ነው ያለብህ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ምንጩ ከአገጩ ላይ ጠብታ እየጠረገ፣ «ከሁለታችን የማያየው ማነው?»

ሐኪሙ ሳቀ፤ ከሳቀም ቆይቶ ይመስላል፣ ጉንጩን አመመው። «ስማ። ዓይን የራሱ ቀጭን ቅባት አለው፤ ውሃውን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ያንተ ቅባት ደርቋል። ቅባት ሲጠፋ ዓይን ይቃጠላል፤ ሲቃጠል ይደነግጥና ያለውን ውሃ ሁሉ ይለቃል፤ የተለቀቀው ደግሞ ጎርፍ ነው፤ ጎርፍ መሬት አያረሰርስም፤ ጠርጎ ይሄዳል። ከዚያ ተመልሶ ድርቅ። አንተ ደግሞ ጥብጣቡ ላይ ስታፈጥ ዓይንህን አታርገበግብም።»

«ነጥብ እንዳያመልጠኝ ነዋ!»

«አርገብግብ። በቀን ሁለቴ ለብ ባለ ውሃ የተጨመቀ ጨርቅ ዓይንህ ላይ አድርገህ ጋደም በል፤ ከዚያ የሽፋሽፍትህን ሥር በቀስታ እጠብ። ከጭስና ከነፋስ ራቅ።»

«ሲሆን ጓዳ ነኝ፤ ካልሆነ በረንዳ። ለመሆኑ ይድናል?»

«አይድንም። ትለምደዋለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሞት።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ብዙም አያስቸግርህም» አለ ሐኪሙ፤ ወደ ቁስለኞቹም ተመለሰ።

ውሃ በኩባያ በሚሰፈርበት ዘመን ለዓይን ውሃ መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ለምንጩ መንገር አያስፈልግም። ሚስቱ ግን ጠዋት አንድ ሲኒ ለይታ ታሞቅለት ጀመር፤ ጨርቁን ጨምቃ ዓይኑ ላይ ስትጥልም ዝም አትልም።

«ወደ ዓይንህ አንድ ሲኒ ይገባል፤ ከዓይንህ አንድ ባልዲ ይወጣል። ወይ መልሰን የምንጠቀምበት ዘዴ ቢኖር!»

ሁለተኛውን ዙር መሥሪያ ቤት ነበር የሚያደርገው። ረፋድ ላይ መልእክት ሲቀንስ፣ ጨርቁን ምድጃው ላይ አሙቆ ዓይኑ ላይ ይጥልና ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን እንዲህ እንደተጋደመ መኪናው መንኳኳት ጀመረ። «ይጠብቅ፤ ጥብጣቡ የትም አይሄድም» ብሎ አልተነሣም። ቀ–ቀ፣ ቀቀ–ቀ ይላል ናሱ። ምንጩም በጨለማው ውስጥ እያለ «አራት መቶ ጥንድ ጫማ፣ ግማሹ የግራ እግር ብቻ» የሚል ነገር በጆሮው ገባ። በሕልሙ መሰለው። ጨርቁን አንሥቶ፣ ዓይኑን ጠርጎ ጥብጣቡን ቢያነብ፦ አራት መቶ ጥንድ ጫማ፤ ግማሹ የግራ እግር ብቻ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ከመኪናው ጋር ሲኖር፣ ዓይኑ ሲሠራ ጆሮውም በጎን ሲማር ኖሮ አልነገረውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ የሰማውን ይጽፋል፤ ከዚያ ለወጉ ያህል ከጥብጣቡ ጋር ያስተያያል። አንድም አይስትም። ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀትር ላይ ዓይኑ ሳይቃጠል መዋል ጀመረ። ምስጢሩን ያወቀው በሚቀጥለው ጠረጴዛ የምሽጉን መስመር የሚይዘው «ፈጣኑ» የሚባለው ወጣት ብቻ ነበር፤ ፈጣኑ የተባለውም ምሳ ላይ ነው።

«ጋሼ ምንጩ፣ ተኝተው ነው እንዴ የሚጽፉት?»

«ዝም በል። እየሠራሁ ነው።»

«እኔም ነገ ጨርቅ ይዤ እመጣለሁ።»

ጥሩ ነገር አይበረክትም፤ ሹሙ አንድ ቀን ድንገት ጓዳ ገባ። መኪናው ይንኳኳል፤ ሠራተኛው በወንበሩ ተንጋሎ፣ ዓይኑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጥሎ በእርሳስ ይጽፋል። ሹሙ ጢሙን መያዣ አጣ። ምንጩ ተነሥቶ አስረዳ፤ የጻፈውንና ጥብጣቡን ጎን ለጎን አሳየ። ሹሙ አስተያየ፤ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

«ደንቡ ምን ይላል?» አለ።

«መልእክት የሚነበበው ከጥብጣብ ብቻ ነው ይላል፣ ጌታዬ።»

«ለምን? ጥብጣብ ምስክር ስለሆነ! ነገ ‹ይህን ማን አለ?› ቢባል ጥብጣቡን አውጥቼ አሳያለሁ። ያንተን ጆሮ ቆርጬ ላሳይ? ይሄ ሁለተኛህ ነው፤ አንድም ስላልሳትክ አልፌሃለሁ፤ ሦስተኛ የለም።»

እንግዲህ ምንጩ ወደ ጥብጣቡ ተመለሰ፤ ዓይኑም ወደ ማቃጠሉ።

በዚያው ወር አዋጅ ወጣ፦ ድርቁ ስለ በረታ ማንም ሰው ውሃ መሬት ላይ እንዳያፈስ፤ ያፈሰሰ ይታሠራል። ሹሙ አዋጅ ሲሰማ ተነሥቶ የሚቆም ሰው ነው። በሽቦ ቤቱ ጓሮ ደግሞ አንድ ጉድጓድ ነበር፤ ውስጡ የመዳብ ሳህን ተቀብሯል፤ ምክንያቱም ኃይሉ በሽቦ ይመጣና የሚመለሰው በመሬት ውስጥ ነው፤ መሬቱ ካልራሰ አይመለስም። ስለዚህ በበጋ በየጠዋቱ ሁለት ባልዲ ውሃ ይፈስበት ነበር። ሹሙ ከለከለ።

«ጌታዬ፣ ሽቦውም እኮ ይጠማዋል» አለ ምንጩ።

«አዋጁ ‹ከሽቦ በስተቀር› አይልም።»

«ምልክቱ ይደክማል፤ ጎማዋ ጥብጣቡን አትነካም።»

«ዓይንህ ነው የደከመው» አለ ሹሙ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ማክሰኞው መጣ። ጉድጓዱ ውሃ ካየ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በግንባር ያለው ጦር በዚያን ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ ከምሽጉ ወጥቶ ኮረብታውን እንዲያጠቃ ታዟል፤ ትእዛዙን ትናንት ያስተላለፉት ምንጩና ፈጣኑ ራሳቸው ናቸው። ምንጩ ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ፊቱን ስትመረምር «እህ» ያለው በዚያ ምክንያት ከሌላው ቀን የከበደ ነበር፤ እሷ ግን ልዩነቱን አላየችም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ከዋና ከተማ የሚመጣው የላይኛው መስመር ነቃ። ድምፁ ጉንዳን ቆርቆሮ ላይ ስትሄድ የሚሰማ ዓይነት ነው። ምንጩ ጥብጣቡን ያዘ፤ አፈጠጠ፤ ነጭ ነው። ዓይኑን ጠረገ፤ አርገበገበ፤ ደግሞ አየ፤ ነጭ ነው።  ጠፋ፤ ዓይኔ ዛሬ ለይቶለት ጠፋ አለ በሆዱ።

«አንተ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ና እስቲ ይሄን እየው። ምን ይታይሃል?»

ፈጣኑ አየ። «ምንም የለበትም ጋሼ። ባዶ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ባዶ ነው ስልዎት! ኧረ ምነው፣ ባዶ ሲሆን ደስ ይልዎታል እንዴ?»

ምንጩ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ናሱ ላይ ለጠፈ፤ በቀኝ እጁ መጻፍ ጀመረ። ከዋና ከተማ የሚመታውን ሰው በአካል አይቶት አያውቅም፤ አመታቱን ግን ከሚስቱ ማንኮራፋት እኩል ያውቀዋል፤ ረጅሟን ምት ሲመታ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይጎትታታል፣ እግሩን እንደሚጎትት አንካሳ። ያው እሱ ነው። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይሄ ነበር፦

«ለግንባሩ አዛዥ። እርቅ ተፈርሟል። ከዛሬ ስድስት ሰዓት ጀምሮ በሁሉም ቦታ ተኩስ ይቁም። ማጥቃቱ ተሰርዟል። መድረሱን አስታውቁ።»

«ድገመው» ብሎ መልእክት በሚላክበት መምቻ መታ። ምቱ እዚያ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ዝም። ግማሽ ሰዓት ቢጠብቅም ዝም።

ሹሙ ተጠራ። ወረቀቱን አነበበ፤ ጥብጣቡን ወደ መስኮት ይዞ ግራና ቀኝ አገላበጠው።

«ይሄ ባዶ ወረቀት ነው» አለ።

«አዎ ጌታዬ።»

«እና ጦር በባዶ ወረቀት ይቁም?»

«በእርቅ ነው የሚቆመው። እኔ ሰምቻለሁ።»

«ጠላት ሽቦውን ይዞት ቢሆንስ?»

«እጁን አውቀዋለሁ። የራሳችን ሰው ነው።»

«ከተሳሳትክ በሰባት ሰዓት ሊያጠቃ የተዘጋጀ ጦር ሜዳ ላይ ተዘናግቶ ይጠቃል። እኔም አንተም እንሰቀላለን።»

«ካልተሳሳትኩ ደግሞ በእርቅ ቀን ስንት ሰው ይሞታል ጌታዬ?» አለ ምንጩ። ሲናገር ዓይኑ መፍሰስ ጀምሯል፤ የአሲዱ ጭስ ነው። «ጥብጣብ ካስፈለገዎት ጉድጓዱን እናጠጣው። ከላይ እንጠይቅ፤ ይድገሙልን፤ በዓይንዎ ያዩታል። ለነገሩ ወደ ምሽጉ ለመምታትም ያው ጉድጓድ ነው የሚያስፈልገን።»

ሹሙ ጥብጣቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ውሃውን የከለከለው ማን እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። በመጨረሻ «የመሥሪያ ቤቱ ጋን ባዶ ነው» አለ፤ ክልከላውን ያነሣው በዚህች ቃል ነው።

ምንጩ ወደ አዳራሹ ወጣ፤ ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። እናቶቹ ንጋት ላይ ከከተማው የውሃ ጉድጓድ ተራ ጠብቀው የቀዱትን የቀን ውሃቸውን በየቆርቆሮው ይዘው ነው የሚመጡት። ሲያዩት ሁሉም ተነሡ። ጉንጩ ርሷል፤ አፍንጫው ቀልቷል።

«ውሃ ስጡኝ» አለ። «ያላችሁን ሁሉ። ጓሮ መሬት ላይ የሚፈስ ነው።»

ማንም አልተነቃነቀ። ያቺ ለገለባው የወደቀችው እናት ቆርቆሮዋን በሁለት እጇ አቅፋ ቀረበች።

«ባለፈው ለገለባ ዘርረኸኛል» አለችው። «የዛሬውስ ምንድን ነው ልጄ?»

«ልነግርዎ አልችልም እናቴ።»

«ጥሩ ነው መጥፎ?»

«አልችልም። ምያለሁ።»

ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ምንም አላገኘችበትም፤ ምን ሊገኝበት! «እንግዲህ ያንተን ፊት ማመን ትቻለሁ» አለች፤ «አፍህን ልመን። ወዴት ነው ጓሮው?» ብላ ቀድማ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሉ። የአንድ ቀን ውሃቸውን፣ አዋጅ በከለከለው መሬት ላይ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አንድ በአንድ ደፉት። መሬቱ ጠጣው፤ ድምፁ ይሰማ ነበር።

ምንጩ ተመልሶ ወደ ላይ መታ። መልስ የለም። ደግሞ መታ። ነፋሱ ከከተማው ወዲያ አንድ ምሰሶ ጥሎ ኖሯል፤ የላይኛው መስመር ሞቷል። የምሽጉ መስመር ግን ሕያው ነው። ሰዓቱ አምስት ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኖታል።

ሹሙ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያን ጊዜ ያረጀ ሰው መሰለ። «አንተው ትመታለህ። አንተው ትፈርማለህ። ስህተት ከሆነ ብቻህን ነህ። ልክ ከሆነም ከነገ ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ ሽቦ ቤት በባዶ ጥብጣብ ሠራ፣ ጥብጣቡም ባዶ የሆነው በእንዲህ ምክንያት ነው ተብሎ ከተጠየቅሁ እኔም አለቀልኝ። አንተ ዓይንህ የታመመ ሰው ነህ፤ በዚያ እናልፋለን። መርጠህ ተቀመጥ።»

ምንጩ ወንበሩን አየው። የመቀመጫው ቆዳ በእሱ ልክ ጎድጉዷል። ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ጉልበቱን ዓይኑን ለመግለጥ ሲያውለው ነው የኖረው።

«ተነሥልኝ እስቲ ወንድሜ» አለው ፈጣኑን። ፈጣኑ የምሽጉን መምቻ ለቀቀለት። ምንጩ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ መታ። ሦስት ጊዜ ደጋገመ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የምሽጉ ጥብጣብ፣ እርጥብ መሬት አግኝቶ፣ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ወጣ፦ «ደርሶናል። ተኩስ ቆሟል።» ፈጣኑ ጮክ ብሎ አነበበው። ዓይኑንም በእጅጌው ጠረገ፤ ጤነኛ ዓይኑን።

ምሰሶው ተነሥቶ የላይኛው መስመር የተመለሰው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዋናው ከተማ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ የጠዋቱ የተኩስ አቁም ትእዛዝ ደርሷል ወይ? ሹሙ ጥብጣቡን በገዛ ዓይኑ አነበበ፤ ጢሙን ዳሰሰ፤ «ደርሷል በለው» አለ፤ ወደ ቢሮውም ገብቶ በሩን ዘጋ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ምንጩ በወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ተነሣና ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መርፌዋን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ወንድምሽ ደህና ነው» አለ።

መርፌው ከእጇ ወደቀ። «መሐላህስ?»

«ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም።»

አጠገቡ መጥታ ቁጭ አለች፤ አገጩን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረችው። «አሁን ይሄ የምር ለቅሶ ነው ወይስ ያው ነው?»

«እኔም አላወቅሁትም» አለ ምንጩ። «ይልቅ ውሃ አለ?»

«ለአንድ ሲኒ አይጠፋም» አለችና ልታሞቅ ተነሣች።

ወንድሟ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ሁለቱንም የግራ ጫማ አድርጎ። በዚያን ዕለት ከምሽጉ ሊወጡ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀራቸው የሽቦው መኪና እንዳዳናቸው ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። «ምን ዓይነት መኪና ነው!» ይላል። ምንጩ ያዳምጠዋል፤ ዓይኑን ይጠርጋል፤ አያርመውም። ዝናቡ ሲመጣ ዓይኑ ትንሽ ቀለል አለው፤ ነፋሱ ሲመለስ እንደገና ባሰበት። ጠዋትና ማታ ጨርቁን ያሞቃል፤ የሽፋሽፍቱን ሥር ያጥባል፤ ያርገበግባል። ፀጉሩ እስኪነጣ ድረስ እንዲሁ ኖረ፤ ሐኪሙ እንዳለው አልዳነም፤ ለመደው።

የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ስለዚያ ማክሰኞ አንድ መስመር ጽፈዋል፦ «ትእዛዙ በሽቦ በጊዜው ስለ ደረሰ ከቀትር በኋላ ሊደረግ የነበረው ማጥቃት ቀረ።» በስንት ሰው ውሃ እንደደረሰ አልጻፉም፤ ያፈሰሱት እናቶች ስም በየትም የለም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ከላይ ደብዳቤ ወጥቶ ቴሌግራፈኞች ሁሉ መልእክት በጆሮ እንዲቀበሉ ታዘዘ፤ ሥራ ያፋጥናል ተባለ፤ ዘዴውን አጥንተው ላቀረቡ መሐንዲስም ሽልማት ተሰጠ፤ ሹሙም ደብዳቤው ሲነበብ ተነሥቶ ቆመ።

ስለ ምንጩ የቀረ ጽሑፍ በሽቦ ቤቱ የሠራተኞች መዝገብ ያለው ብቻ ነው፤ በሹሙ የእጅ ጽሕፈት፣ በአጭሩ፦ «በዓይን ሕመም ምክንያት ተሰናበተ።» ውሸት ነው እንዳይባል ዓይኑ በእርግጥ ታሞ ነበር፤ እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀም። የሚጠይቁት ሰዎች በዚያን ጊዜ ደክሟቸው ነበር፤ ጦርነቱ አልቆ፣ የሞተባቸውን እየቀበሩ፣ የተረፈላቸውን እየመገቡ ነበር። መዝገቡ ተዘጋ፤ መደርደሪያው ላይ ወጣ፤ አቧራውም ቀስ እያለ ሸፈነው።